ለአንድ ኩሽና ሁለት ሰው

የፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ከአደባባዩ ተነሥቶ ጣሪያ ወዳለው ሕንፃ ከገባ ብዙ ዓመት ሆነው። እኔ ግን ዛሬም ከትራም ስወርድ እግሬ የሚወስደኝ መጀመሪያ ወደ አደባባዩ ነው። ድንኳኖቹ የነበሩበትን ዙሪያውን ካየሁ በኋላ ነው ወደ አዲሱ የምመለሰው። ባለፈው ሰሞን ለባለቤቴ ሙት ዓመት የሚሆን ምስር ልገዛ ሄጄ፣ እንደ ልማዴ ዞሬ ስገባ፣ ከፍራፍሬ ሻጩ ፊት አንድ ሽበታም ሰው ብርቱካን አንሥቶ ያሸታል። አይገዛውም፣ አይመልሰውም፣ ያሸታል። እንደዚያ የሚያሸት ሰው በሮማ አንድ ብቻ ስለማውቅ ከኋላው ሆኜ «ሰይድ!» አልኩ። እሱው ነው። ደሴ ተወልዶ፣ ገና ጢም ሳያወጣ ምግብ ሥራ ሊማር ሮማ የመጣው፣ ዛሬ የአንድ ትልቅ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ የሆነው ሰይድ። ሻጩ ሌላ ብርቱካን ሰንጥቆ፣ ውስጡ ደም የመሰለውን ቁራጭ በቢላዋው ጫፍ ዘረጋለት። ሰይድ ተቀበለና ወደ እኔ አዞረው።

«ይቅመሱልኝ እትዬ ጽጌ። እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«እኔስ ምን ነኝ? ሁዳዴ መግባቱን አልሰማህም?»

«ለእርስዎ ቄሱ እንዳቀለሉልዎ ሰምቻለሁ። ስኳር አለባቸው ብለው።»

«ስኳር ያለባትን ሴት ነው ብርቱካን የምታበላው?»

ሳቀ። ቀመስኩለት። ጣፋጭ ነው፣ ግን ውሃ በዝቶበታል አልኩት። ሲያሸተው የነበረውን ብርቱካን ወደ ክምሩ መለሰና፣ «ጋሼም እንዲሁ ነበሩ፤ አንድ ነገር ይወዱና 'ግን' ብለው ያፈርሱታል» አለ። ጋሼ የሚለው ባለቤቴን አሰግድን ነው። ከዚያም ፊቱን ቀየረ። «እሑድ ኮሚቴው ይሰበሰባል። የጋሼን መስፈርት ሊሰርዙት ነው። ይምጡና አንድ ነገር ይበሉ እንጂ።» ምስሬን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ በትራሙ ውስጥ የማስበው ስለ ኮሚቴው አልነበረም። እጄ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። የድሮው ገበያም በዚህ ወራት የሚሸተው እንዲሁ ነበር።

በዚያ ዘመን ቡና ቤት ገብቶ ቆሞ ቡና መጠጣት ሺህ ሊሬ ገደማ ነበር፤ ተቀምጠው ሲጠጡት ስለሚወደድ ሁላችንም መቆም ለምደን ነበር። እኔ ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንዲት ሲኞራ ቤት እሠራለሁ። ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። ሐሙስ ሲሆን የከተማው የቤት ሠራተኛ ሁሉ ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ይፈስሳል። ሲኞራዎቻችን የተዉልንን ካፖርት እናሳጥረውና፣ ነጠላችንን ከውስጥ አድርገን፣ ጫማ ግን አዲስ እንገዛለን፤ የሰው ጫማ አናደርግም ነበር። ወንዶቹ ሰፊ ትከሻ ያለው ኮት ይለብሳሉ። ካሴት የሚሸጥ አንድ ልጅ ሻንጣውን ከፍቶ በትንሽ ቴፕ ያሰማል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም ድምፁ እየጎተተ ያዛጋል፤ እኛ ግን ግጥሙን ስለምናውቀው ከቴፑ ቀድመን እንጨርሰዋለን። ስልክ ለመደወል ጎድጎድ ያለች የብር ሳንቲም የመሰለች ጄቶኔ ያስፈልጋል። ጄቶኔ የያዘ ሰው ወዳጁ ይበዛል። ዛሬ በዚያው ቦታ ሳልፍ ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደ እጃቸው ደፍተው ቆመዋል። በመልካቸው የአገሬ ልጆች እንደሆኑ አውቃለሁ። ሰላም ስላቸው አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በጣሊያንኛ ይመልሳል፤ ሁሉም ግን ደህና ልጆች ናቸው።

ከአገር ቤት ለትምህርት የሚላኩት ልጆች በብዛት መምጣት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ምግብ ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ መካኒክነት። ትምህርት ቤቱ ግማሹን ቀን ያስተምራቸዋል፤ ግማሹን ቀን ሆቴል ወይም ጋራዥ ይልካቸዋል፤ ይህንን ቲሮቺኒዮ ይሉታል፣ የልምምድ ሥራ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ተርሚኒ መጥተው እጃቸውን ያሳዩናል። ምግብ ሥራ ልትማር የመጣችው ልጅ እጇ በሳሙና ተላልጧል። «ምን ተማርሽ?» ሲሏት «ሳህን» ትላለች። እናቶቻቸው ከአዲስ አበባ ስልክ የሚደውሉት ለእኛ ነው። ስለዚህ እኛው ኮሚቴ አቋቋምን፤ ልጅ ከመላኩ በፊት ቦታውን አይተን፣ ይሆናል ወይም አይሆንም እንድንል። ለዚህም መስፈርት ያስፈልጋል ያለው አሰግድ ነው። ሌሎቹ ስለ ኮንትራቶና ስለ ኢንሹራንስ ይነጋገራሉ፤ ያም ተገቢ ነበር። ኮንትራቶው ከመፈረሙ በፊት ለልጁ በአማርኛ ይነበብለት፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ይለቀቅ፤ ከሳህን ማጠቢያው ወደ ምድጃው የሚሻገርበት ቀን ይታወቅ። አሰግድ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያበቃና፣ «ተማሪው ምሳውን የሚበላው የት ነው? ከማን ጋር?» ይላል።

ቦታ ለማየት የሚሄደውም በምሳ ሰዓት ነበር። ቡናማ ኮቱን፣ ከሰርጋችን የተረፈችውን ክራቫት ያደርግና ሳያስታውቅ ይደርሳል። ኃላፊው ቢሮ ግባ ቢለው አይገባም። «ልጁ በሚቀመጥበት ተቀምጬ ልብላ» ይላል። አንዳንዱ ቦታ ይስቁበታል፤ አንዳንዱ ቦታ ያባርሩታል። ተማሪ ቆሞ የሚበላበትን ቤት፣ ጣራው ወርቅ ቢሆን አያሳልፈውም። «ቆሞ የሚበላ ሰው ቡና ቤት ነው ያለው፤ ትምህርት ቤት አይደለም» ይላል። በመጨረሻ ያስገባት አንቀጽ ግን ብዙ አከራከረች፦ ለአንድ ኩሽና፣ ለአንድ ጋራዥ፣ ከሁለት ሰው ያነሰ አይላክም። ሰው ብቻውን አይመደብም።

ለዚህች አንቀጽ ምክንያቱ ሁዳዴ ነው ብለው ሁሉም ያምናሉ፤ ወሬውም እውነት ነው። ሰይድና ትርሲት የሚባሉ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ገቡ። ትርሲት የጉለሌ ልጅ ናት፤ አጥባቂ ጾመኛ። ጾሙ ሲገባ ስጎውን ታነሣለች፣ ታሸታለች፣ ታወርዳለች፤ አትቀምስም። መምህሩ፣ ማኤስትሮ የሚሉት ሽማግሌ፣ ያብዳል። «ያልቀመሰ ሰው ወጥ ቤት አይደለም!» ይላል። ቄሱን ጠየቅናቸው። «አባ፣ ቀምሳ ብትተፋውስ?» አልን። «መትፋት ለማን ይጠቅማል? ቀመሰች አይደል?» አሉን። ሰይድ ይህን ሰምቶ መጣና፣ «እኔ ልቀምስላት፤ ረመዳን ሲደርስ ደግሞ እሷ ትቀምስልኛለች» አለ። በዚህ ተስማሙ። አንዱ ያማስላል፣ አንዱ ይቀምሳል። ተርሚኒ ላይ ሴቶቹ «የአፍ ሚዜዎች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ትርሲት ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ «አፍ ያለው ሚዜ ይሻላል፤ የእናንተ ሚዜዎች ጥርስ ብቻ ናቸው» ትላቸዋለች።

ታዲያ አንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ፈተናውም በዚያው ሰሞን ወደቀ። አሰግድ እንደ ኮሚቴ ሰው ሊታዘብ ሄዶ ነበር፤ ማታ መጥቶ እንደነገረኝ፣ ሁለቱ ልጆች አንድ ድስት ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ድስቱ ይፍለቀለቃል፤ ማኤስትሮው ሰዓቱን ያያል። ሰይድ «እኛ ዘንድ ካስፈለገ በምላስ ጫፍ ይፈቀዳል ይላሉ» ይላል። ትርሲት «ታዲያ ቅመሰዋ!» ትለዋለች። «ራሴን አላምነውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ርቦኛል፣ ከቀመስኩ ድስቱን ነው የምጨርሰው» ይላል። አሰግድ ኮቱን አወለቀና ማንኪያ አነሣ። በዕድሜው ጾም ሽሮ አያውቅም። ቀመሰና፣ «ጨው አነሰው» አለ። ጨመሩበት። ሁለቱም አለፉ። አሰግድ በነጋታው ለቄሱ ተናዘዘ፤ ስግደት ታዘዘለት፤ ሌሊት ጉልበቱን እያሻሸ ይሰግድ ነበር። «ለጨው ነው የምትሰግደው?» ስለው፣ «ዝም በይ፤ መቁጠሩን ታሳስችኛለሽ» ይለኛል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ውስጥ በሁለት ሰው ጉዳይ የተከራከረው የለም። ትርሲት ዛሬ ሐዋሳ የራሷን ምግብ ቤት ከፍታለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ሰብሳቢዋ ሊያ ናት፤ እዚሁ ሮማ የተወለደች፣ ፈጣን፣ ጥሩ ልጅ። መስፈርቱን እንደ ገና የሚጽፉት አገር ቤት ያለው ትምህርት ቤት በአዲስ መልክ ስለጠየቃቸው ነው። ሰይድ በአንድ በኩል ተኮሳትሮ ተቀምጧል። ከበሩ አጠገብ ማህሌት የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ እጇን በጉልበቷ መሃል አድርጋ አለች።

«አሎራ፣ እትዬ ጽጌ» አለች ሊያ፣ «ነገሩን በአጭሩ ልንገርዎ። ኦስቲያ ባሕሩ ዳር አንድ ሆቴል አለ። ኮንትራቶው ንጹሕ ነው፣ እሑድ ዕረፍት ነው፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምድጃ ላይ ነው የሚያስቆሟት። ግን የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት የሚለውን ካልሰረዝን ማህሌት ቦታውን ታጣለች። ቦታ ከሌላት ደግሞ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይታደስም፤ ትመለሳለች።»

«ጋሼ ያሉት አይሰረዝም» አለ ሰይድ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያኔ ሆቴሎቹ ሌላ ነበሩ!»

«ሁዳዴና ረመዳን ያው ናቸው። ይኸው ዘንድሮም ገጥመዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሆቴሉን ላስፋው?»

ማህሌት ከበሩ ሆና፣ «እኔ ብቻዬን መሥራት አይከብደኝም» አለች። ድምፅዋ ለራሷ የምትናገር ይመስል ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሰግድ ካረፈ ወዲህ ሰዎች እኔን ሲያዩ እሱ ምን ይል እንደነበር የማውቅ ይመስላቸዋል። ብዙውን አላውቅም። ቤቴን እንኳ እሱ በማይፈልገው መንገድ ነው የምይዘው፤ ጠረጴዛውን ባለፈው ክረምት ወደ ግድግዳው አስጠግቼዋለሁ፣ ሬዲዮኑን አልከፍትም። «ቦታውን ሳላይ ምንም አልልም» አልኳቸው።

በሳምንቱ ከፒራሚዴ ጣቢያ በባቡር ወደ ኦስቲያ ሄድኩ። ድሮ በበጋ እሑድ በዚህ ባቡር ስንሄድ፣ ዳቦና ቲማቲም በጨርቅ ቋጥረን፣ ከባሕሩ ርቀን አሸዋው ላይ እንቀመጥ ነበር፤ አሰግድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አጥፎ፣ ካልሲውን ኪሱ ከቶ፣ ውሃው ጋ ይደርስና ይመለሳል። ባቡሩ ዛሬም ይዘገያል። ሆቴሉ የደረስኩት ልክ በምሳ ሰዓት ነው። ዋናው ወጥ ቤት ቀይ ፊት ያለው፣ ወፍራም፣ ትሑት ሰው ነው።

«ሲኞራ፣ ከየትኛው ቢሮ ነዎት?» አለኝ።

«ከቢሮ አይደለሁም። ተለማማጇ በምትቀመጥበት ተቀምጬ ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት።»

አላባረረኝም። ሠራተኞቹ ረጅም ገበታ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበላሉ። ቦታ የለም። ወጥ ቤቱ እኔን አልፎ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን ወዳለች ትንሽ ጠረጴዛ መራኝ። አንድ ወንበር አላት፤ ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ለፊት። «እዚህ ጸጥታ አለ» አለኝ ደስ እያለው። ቸርነት ነው የመሰለው፤ ጠረጴዛዋንም ራሱ ጠርጎልኛል። ፓስታው ጥሩ ነበር። ከኋላዬ ይሳሳቃሉ፤ ምን እንደሚያስቃቸው አይሰማም። ግድግዳውን እያየሁ በላሁ። ፈጥኜ ጨረስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ፣ «ቦታው ደህና ነው፤ ልጅቷ ትግባ» አልኩ። ሊያ ተነፈሰች። «ሁለት የሚለው ግን አይሰረዝም» አልኩ።

«ኤኮ! ይኸው!» አለ ሰይድ።

«እትዬ፣ ሁለቱ ነገሮች አብረው እንዴት ይሄዳሉ?» አለች ሊያ።

«ማህሌት እኔ ቤት ትኖራለች። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ኦስቲያ ሊቀጠሩ ነው?» አለችና ሊያ ሳቀች። ሰይድ ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ መስፈርቱ ስለ ኩሽና ነው። ማን ይቀምስላታል? ጋሼ ስለ ቤት አላሉም» አለ።

ያን ጊዜ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። አሰግድ ራሱ ለሥልጠና ነው የመጣው። የቶርኖ ማሽን ሥራ ሊማር፣ ከሚላኖ ወዲያ ያለች ጭጋጋም ከተማ፣ ብቻውን ተመደበ። ቶርኖውን ያስተማሩት ሰዎች ደጎች ነበሩ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ዳቦውን ቶሎ ቶሎ ይውጣል፤ ሲያልፉ የሚያዩት ሰዎች እንዳያፍሩለት። ሮማ መጥቶ ስንጋባ፣ እኔ ገና ሳልቀመጥ እሱ ጨርሷል። ወንበሩንም ከገበታው ነጥሎ ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። መጀመሪያ የተጣላ መስሎኝ ነበር። «አሰግድ፣ ከግድግዳው ጋር ነው የተጋባኸው?» ብዬ ወንበሩን ከነእሱ አዞርኩት። ያን ልማድ እስኪተው ድረስ ብዙ ጊዜ አዙሬዋለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ስለ ጾሙ የተናገረው፣ ለሰው ቶሎ የሚገባው ያ ስለሆነ ነው።

ሰይድ ጠረጴዛውን በጣቱ አሸ። «ለእኔና ለትርሲት ብለው ያወጡት ነበር የመሰለኝ» አለ።

«ለእናንተም ነው» አልኩት።

ሊያ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችው፦ ከሁለት ሰው ያነሰ አይላክም፤ የሥራው ቦታ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ማታ በገበታ የሚጠብቀው ሰው መኖሩ በቅድሚያ ይረጋገጥ። «ቫ ቤኔ?» አለች። ሰይድ «ቫ ቤኔ» አለ፤ ትንሽ ቅር እንዳለው ነው።

ማህሌት በአንድ ሻንጣ ገባች። ማታ ከባቡሩ የምትመለሰው ፊቷ በእንፋሎት ቀልቶ ነው። እሷም ጾመኛ ናት፤ አትቀምስም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፤ የሠራችውን ስጎ ቀድታ አምጥታለች።

«ይቅመሱልኝ እማማ።»

«ይህን ደንበኛው በልቶት ሄዷል። አሁን ብነግርሽ ምን ያደርግልሻል?»

«ነገም ያንኑ ነው የምሠራው።»

ቀመስኩ። ዘይት በዝቶበታል አልኳት። በማግሥቱ ሌላ አመጣች፤ በማግሥቱም ሌላ። ስለ ወጥ ቤቱ ትነግረኛለች፤ ረጅሙ ገበታ ላይ አንድ ሰው በፈረቃ ሲነሣ ቦታውን እንደሰጣት፣ በማግሥቱ ግን እንደረሷት። እኔም ሾርባዬን እየጠጣሁ እሰማታለሁ። ከእኔ በስተኋላ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ጠረጴዛው ጋ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ የአሰግድን ጓዳ አስገብቼዋለሁ።

ትናንት ማታ ወሬዋን አቋርጣ፣ «እማማ፣ ለምን ወደ ግድግዳ ዞረው ይበላሉ?» አለችኝ።

ማንኪያዬ አፌ ጋ ነበረ። የግድግዳው ቀለም አንድ ቦታ ላይ እንደተላጠ፣ ቅርጹም የበሬ ራስ እንደሚመስል፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳየው የኖርኩ መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ። ተነሣሁና ጠረጴዛውን በአንድ ጎኑ ያዝኩ፤ እሷ በሌላው ያዘች። ከግድግዳው ሳብነው። ወንበሩን ከጓዳ እሷ አመጣችው። አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠችና፣ ጠርሙሷን ከፍታ ወደ እኔ ገፋችው።

ቀመስኩ። «ጨው አነሰው» አልኳት።

«በፍጹም! ዛሬስ አላነሰውም። የእርስዎ ምላስ ነው።»

«የእኔ ምላስ ምን ሆነ?»

«ስኳር የለመደ ምላስ ስለ ጨው ምን ያውቃል?»

ሾርባዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከርን።